የሬሳ ሳጥኑን የሳመች እህት

ይርጋነሽ የሻለቃ ሀብተ ሥላሴን ሞት የሰማችው ቢቸና ገበያ፣ በርበሬ እየመረጠች ሳለ ነው። ጎረቤቷ ፍሬ ስልኳን ከዓይኗ ሥር ደቅና «ይዩት እስቲ፣ እትዬ! ያ ሰውዬ ሞተ። ነገ ሞጣ ይቀበራል» አለቻት።

ስልኩ ላይ ያለው ሸበቶ ሽማግሌ ነው፤ ከዘራውን ተደግፎ ፈገግ ብሏል። ይርጋነሽ ይህን ሽማግሌ አታውቀውም። እሷ የምታውቀው በደርግ ዘመን ቢቸናንና ሞጣን ጠቅልሎ የገዛውን፣ የመኪናው ድምፅ በተሰማ ቁጥር እናቶች ልጆቻቸውን ከጎተራ ኋላ የሚደብቁበትን ሻለቃ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ታሰረ፣ ተፈረደበት፤ ኋላም በምሕረት ወጥቶ አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ ተጦረ።

ታላቅ ወንድሟን ስጦታውን የወሰደው እሱ ነበር። ስጦታው ገና ተማሪ ነው፤ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ታሰረ፣ ከዚያ ደብዛው ጠፋ። ሬሳው አልተገኘም፣ ልቅሶ አልተቀመጡለትም፣ ተዝካር አልወጣለትም። እናታቸው «ልጄ አልሞተም» እንዳለች ኖራ፣ «ልጄ አልሞተም» እንዳለች ሞተች። ይርጋነሽ አድጋ አስተማሪ ሆነች፣ ጡረታም ወጣች፤ የእናቷን ተስፋ ግን አንድም ቀን ተካፍላ አታውቅም። ለሷ ወንድሟ ሞቷል፤ ገዳዩም ይታወቃል።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ የሞጣ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ለምን እንደምትሄድ ለራሷም በቅጡ አልገባትም። ምናልባት ጉድጓድ ሲገባ ለማየት፣ ምናልባትም አፈሩ ላይ ለመትፋት።

ሚኒባሱ ገና ከቢቸና ሳይወጣ ጭቅጭቅ ተነሣ።

«ውሃ ያስገቡልን እሳቸው፣ ክሊኒኩን ያሠሩልን እሳቸው» አለ ከፊት የተቀመጠ ነጋዴ። «በሳቸው ጊዜ በር ሳይዘጋ ይታደር ነበር።»

«እሱ በለው እንጂ! ምን እሳቸው ትለዋለህ?» አሉ ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ። «በር ሳይዘጋ የታደረው የሚዘጋው ሰው ስላለቀ ነው።»

«አባቴ፣ ሙት ወቃሽ አይሁኑ እንጂ።»

«እኔ የምወቅሰው ሲገድል የነበረውን ነው፤ ያኔ ደግሞ በሕይወት ነበር።»

ሾፌሩ ዘፈኑን ከፍ አደረገው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ለይርጋነሽ ይህ ሁሉ ክርክር የማያስፈልግ ነገር ነበር።

ሞጣ ሲደርሱ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጢም ብሏል። ሳጥኑ ባንዲራ ለብሶ ከዐውደ ምሕረቱ ፊት ተቀምጧል፤ ከበላዩ «የልማት አባታችን» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ከሳጥኑ አጠገብ የሻለቃው አንድያ ልጅ ንጋት ጥቁር ለብሳ ቆማለች። አዲስ አበባ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጧል። ይርጋነሽ አየቻትና ልትጠላት ፈልጋ አቃታት። አባቷ የሞተባት ልጅ ነበረች፤ ሌላ ምንም አልነበረችም።

አንድ ጎልማሳ ድምፅ ማጉያውን ይዞ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀመረ። የትውልድ ቀኑን፣ የተማረበትን፣ የሠራውን አነበበ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ዘመኑ የእሳት ዘመን ነበር። ሻለቃ ግን በእሳቱ መካከል ሰው ያዳኑ ሰው ነበሩ። ለአብነት ያህል ሞት የተፈረደበትን የቢቸናውን ተማሪ ስጦታው ባየን ከእስር ቤት በገዛ እጃቸው አውጥተው፣ በገዛ መኪናቸው ወስደው ለቀውታል።»

የይርጋነሽ ጆሮ ጭው አለ። አንባቢው ቀጥሏል፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ የሚለው ግን አይሰማትም። ስጦታው ባየ። የወንድሟ ስም ከነአባቱ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ከገዳዩ ሬሳ በላይ ተጠራ። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ንጋት ፊት ደረሰች።

«ልጄ፣ አሁን የተነበበው... የስጦታው ነገር... እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማማ። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነግረኝ ነው ያደግኩት። በሱዳን በኩል ወጥቷል ብሎኛል። እርስዎ ማን ነዎት?»

«እህቱ ነኝ።»

ንጋት በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ አቀፈቻትና ወደ ሕዝቡ ዞራ «እህቱ ናቸው! የስጦታው እህት ናቸው!» እያለች ጮኸች። ግቢው በእልልታና በልቅሶ ተደበላለቀ።

ወንድሟ አለ! አርጅቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ምናልባት ካርቱም፣ ምናልባትም ከዚያ ወዲያ አንድ ቦታ ይተነፍሳል። እናቷ ልክ ነበረች፤ የተሳሳተችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን የረገመችው ሰው የወንድሟን ነፍስ ያተረፈ ኖሯል! ይርጋነሽ ሳታስበው ሳጥኑ ላይ ወደቀች። ግንባሯን ከእንጨቱ አጋጨች፤ ሳመችው፤ ደግማ ሳመችው።

«ማረኝ! ስረግምህ ኖሬ... ማረኝ፣ አባቴ!»

ቀና ስትል በዙሪያዋ ያለው እጅ ሁሉ ስልክ ይዞ ወደሷ ተቀስሯል።

ከቀብሩ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀምጣ የሱዳንን መንገድ ማንን እንደምትጠይቅ ስታሰላስል አንድ አረጋዊ ካህን መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። የዚያው ደብር መርጌታ ገብረ ሕይወት ናቸው።

«የቢቸናው የስጦታው እህት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፣ መርጌታ! ያውቁታል? ወዴት እንደሄደ ሰምተዋል?»

መርጌታ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እናትሽ አልነገረችሽም?» አሉ።

«ምኑን?»

«ያን ጊዜ የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። ጎጇችን ከደብረ ወርቅ ወዲያ፣ ከመንገዱ በላይ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጂፕ መጥቶ ቆመ። አንድ ልጅ አወረዱ። ሻለቃው ራሱ እጁን ፈታለትና ‹ሂድ› አለው። ልጁ አላመነም፤ ዞሮ አየው። ‹ሂድ እንጂ፣ ለቅቄሃለሁ!› አለው። ልጁ ሮጠ። የተነበበው ውሸት አይደለም፣ ልጄ። ለቆታል። መጀመሪያ እሱን ለቀቀው፤ ቀጥሎ ጥይቱን ለቀቀበት።»

ይርጋነሽ ከፊቷ ሰዎች ውሃ ሲጠጡ፣ ጫማቸውን ሲያራግፉ ታያለች። ሁሉም እንደቅድሙ ነው።

«ጂፑ እንደሄደ ወርደን አነሣነው» አሉ መርጌታ። «ነፍሱ አልወጣችም ነበር፤ ስሙንና አገሩን ነገረን። ሳይመሽ እዚያው ካለችው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቀበርነው። ፍትሐት ተደርጎለታል፤ ሥጋው ለአውሬ አልተጣለም።»

«ታዲያ እንዴት ሰው አልነገረንም?»

«ቢቸና ድረስ በእግሬ ሄጄ ለእናትሽ ነገርኳት። ‹ሻለቃው ለቅቄዋለሁ፣ ሱዳን ገብቷል፣ ለሰው እንዳታወሪ ብሎ በመድኃኔ ዓለም ምሎልኛል፤ አንተ ማነህና ነው ልጄን የምትገድለው!› ብላ በድንጋይ አባረረችኝ። ደግሜ ብሄድ በሩን አልከፈተችልኝም።»

ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ መታት። እናቷ ሰምታለች። ወንድሟ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ሰው ደጃቸው ቆሞ ተመልሷል፤ እናቷም የገዳዩን መሐላ መርጣ ያንኑ እየጎረሰች ኖራለች። ይርጋነሽ በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሯን ጠረገች። የሳጥኑ ቀለም ሽታ አልለቅ አላት፤ ከንፈሯ እስኪደማ ፈተገችው። ከዚያም ተነሥታ ወደ ልቅሶው ድንኳን ሄደች። መርጌታ ተከተሏት።

ንጋት ስታያት ልታቅፋት ተነሣች። ይርጋነሽ እጇን ዘርግታ አስቆመቻት።

«ልጄ፣ ወንድሜን አባትሽ ከመኪና አውርዶ ‹ሂድ› ብሎታል። ሲሮጥ ከኋላው በጥይት መታው። የቀበሩት እኒህ ናቸው።»

የሚኒባሱ ነጋዴ «ሴትዮዋ ደንግጠው ነው፤ አሁን በዓይናችን ፊት ስመዋቸው የለም እንዴ?» አለ። «ይህ በሬሳ ላይ የሚነገር ነው?» ያለም አለ። መርጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው «እኔ ለነፍሴ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩ» አሉ።

«አባቴ እንዲህ አያደርግም» አለች ንጋት። «ሲያወራኝ እኮ ደስ እያለው ነበር። ‹እንዴት እንደሚሮጥ ብታዪው!› እያለ ይስቅ...»

ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ሁሉም ሰው ሰምቷል። እሷም ገና አሁን የሰማችው መሰለች። ፊቷ አመድ ለበሰ፤ የድንኳኑን ምሰሶ ይዛ ቀስ እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። አንድም ሰው ሊያነሣት አልተንቀሳቀሰም።

ይርጋነሽ ወደ ቢቸና ከመመለሷ በፊት ቪዲዮው ቀድሟት ገብቷል። «የይቅርታ ተምሳሌት» ይላል ከሥሩ። ሳጥኑን ስትስም ሁሉም አይቷል፤ ድንኳን ውስጥ ያለችውን ግን የቀረጸ የለም። የሞጣ ሰዎች ክሊኒኩን በሻለቃው ስም ለመሰየም ሲከራከሩ ደጋፊዎቹ የሚያሳዩት ይህንኑ ነው ተባለ።

እሷ መርጌታን ይዛ መቃብሩን አየች፤ ለወንድሟም ልቅሶ ተቀመጠች። አገሩ መጣ፤ ስሙን የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ አለቀሱለት። የእናቷ ታናሽ እህት ወለተ ሐና ብቻ አልመጣችም። «ላልሞተ አይለቀስም» ብላ ላከችባት። «ሻለቃው እንደለቀቀው በስልክ አይቻለሁ። አንቺው አይደለሽ የሳምሽው?»

ልቅሶው ሊበተን ሲል ጥቁር የለበሰች ሴት ሹልክ ብላ ገብታ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጠች። ንጋት ናት፤ ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል ለብቻዋ መጥታለች። ማንም አላወቃትም። ይርጋነሽ ረጅም ጊዜ አየቻት። ሄዳ አላቀፈቻትም፤ ውጪም አላለቻትም። ፍሬን ጠርታ «ለዚያች ልጅ እህል አቅርቢላት፤ መንገደኛ ናት» አለቻት።

ንጋት ሳህኑን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቆርሳ ያዘች፤ መጉረስ ግን አልቻለችም። ይርጋነሽም «በሞቴ» አላለቻትም።