አመድ የሚያበዛው ምድጃ

አሁንም አመድ። ስላጃና የምድጃውን በር ከፍታ ወደ ውስጥ አየች። ትናንት ማታ ጠርጋው ነበር፤ ዛሬም እሳቱ የሚነድባት ትንሿ ጎድጓዳ ብረት በጥቁር አመድና ነድዶ ባላለቀ፣ ከተጨመቀ ሰጋቱራ በተሠራ የማገዶ ፍሬ ጢም ብላለች። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወገቧን ይዛ ተንበረከከች። ምርር አላት።

እንጨት መፍለጥ ላቃታቸው ለእናቷ ለራዶይካ ይህን ምድጃ የገዛችላቸው እሷው ናት። አምና ክረምቱን ሙሉ ብቻቸውን ሲያነዱት አንድ ቀን አላስቸገረም። ዘንድሮ እሷ ፈቃድ ወስዳ ከምትሠራበት ከቤልግሬድ ከመጣች ጀምሮ ግን አሻፈረኝ አለ። ምድጃው ካልሠራ አሮጊቷ በዚህ ብርድ ብቻቸውን አይከርሙም። አንድ የአረጋውያን ማረፊያ አልጋ ይዞላቸው እስከ ነገ መልስ ይጠብቃል። ራዶይካ ይህን ሲሰሙ «ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው» ብለው ፊታቸውን አዙረዋል።

ስላጃና ያልሞከረችው የለም። ፍሬውን ሁለት ጊዜ ቀየረች፤ የጎድጓዳዋን ቀዳዳዎች በሚስማር ወጋጋች፤ ጭስ መውጫውን ጠረገች። አመዱ ግን ወይ ፍንክች።

ከቀትር በኋላ ምድጃ ጠጋኙ ሚሎዬ መጣ። የቀረበለትን የራኪያ አረቄ ጨለጠና ምድጃውን ሳይነካ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሏል።

«አየር ማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ነው ያገኘሁት። አንቃችሁት እንዴት ይንደድላችሁ? እሳት አየር ካጣ አመድ ብቻ ነው የሚተርፈው። ማነው የወተፈው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ራዶይካ። «ነፋስ ይገባል።»

«እማማ፣ እሱ እኮ የምድጃው ነው! ወደ ቤት አይገባም» አለ ሚሎዬ።

«አንተ ደግሞ! ነፋስ ስንቱን እንደገደለ እኔን ጠይቀኝ።»

ሚሎዬ ሳቀ። «ዘንድሮ የተወተፈ ቱቦ ሲያጋጥመኝ ይሄ አራተኛዬ ነው። ባለፈው ያገኘሁት ትራስ ነበር።»

ስላጃና አልሳቀችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አመድ ስትዝቅ ነበር።

«እማዬ፣ እያየሽኝ? ነገ እኮ አልጋውን ልቀበል ነበር! ምነው አምና አልወተፍሽው?»

«አምና ለማን ብዬ?» ራዶይካ ከምድጃው ጎን፣ ግድግዳው ሥር ወዳለው ሶፋ በአገጫቸው አመለከቱ። ስላጃና የምትተኛበት ነው። «ቱቦው በራስጌሽ በኩል ነው። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ጆሮሽ ነፋስ አይችልም። ስትሄጂ አወጣው ነበር።»

የስላጃና ንዴት ጥሏት ሄደ፤ የቀረው ድካሟና እናቷ ብቻ ነበሩ። አመድ በለበሰ እጇ ስልኳን አነሳችና ማረፊያው ጋ ደወለች።

«አልጋውን ለሌላ ሰው ስጡት» አለች።

ራዶይካ ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቁ። ከዚያ ተነሥተው ከሶፋው ላይ ትራሷንና ብርድ ልብሷን ሰበሰቡ።

«በይ፣ ቱቦው ከተከፈተ እዚህ አትተኚም» አሉ። «ከእኔ ጋር ነሽ።»