የግመሉ ጉልበት ሲረጥብ

ከሲዲ ኢፍኒ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የባሕር ዳርቻ ቱዳን “የት እንሂድ?” ብሎ የጠየቀ ሰው ቶሎ አይለቀቅም። የገብስ ዳቦና የናና ሻይ ከምትሸጥበት ዳስ ሆና ዳርቻውን በጣቷ ለሰው ታድላለች፤ ለሽማግሌ ጥላ ያለበትን፣ ለሙሽሮች ዓይን የማይበዛበትን፣ ልጅ ለያዘ ማዕበል የማይደርስበትን።

የዚያን ቀን ከኸኒፍራ ተራሮች እናትና ልጅ መጡ። እናትየዋ ሐኒያ ጉልበቷን ያማታል፤ በዕድሜዋም ባሕር አይታ አታውቅም። ልጇ ሰልዋ ምኞቷን ልትሞላላት ነው ያመጣቻት። የቱዳ ጎረቤት፣ ዓሣ ጠባሹ በልኢድ፣ ገደሉ አናት ካለው ቁልቋል ዘንድ ወጥተው ከላይ እንዲያዩ መከራቸው።

“ባሕር ለማየት ለመጣ ሰው ቁልቋል ታሳያለህ?” አለች ቱዳ።

“ዛሬ ጨረቃ ሙሉ ናት። ውሃው ሲመለስ በሩጫ ነው።”

“ጨረቃዋን የሞላሃት አንተ ነህ?”

እንግዶቹ ሳቁ። ቱዳም እልህ ያዛትና ማዕበል ቦርቡሮ በር ያደረገውን አለት አሳየቻቸው። ውሃው ሲሸሽ በእግር ይታለፋል፤ ከማዶው ያለው ቀይ ገደል ደግሞ አይጠገብም። ከዳሷ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ የቆመውን ግመል መሳይ ድንጋይም ጠቆመቻቸው።

“ጉልበቱ ሲረጥብ ተመለሱ። እስከዚያ አትቸኩሉ።”

ሄዱ። ቱዳ ዳቦ ስትቆርስ፣ ሻይ ስትቀዳ ቆየች። ቀና ስትል የግመሉ ጉልበት ረጥቧል። አሁን ይመጣሉ ብላ ጠበቀች። ውሃው ሆዱ ጋ ደረሰ። በበሩ ብቅ ያለ ሰው የለም። የአሮጊት እርምጃ ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ ያኔ ነገሩ ብልጭ አለላትና ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

ግመሉ ከማዶ አይታይም።

ዕድሜዋን ሙሉ ከአለት ላይ የሚበላ የባሕር ዛጎል ከሚለቅሙ ሴቶች ጋር በዚያ በር ወጥታ ገብታለች። ሁልጊዜ ግን አንዷ ወዲህ ቀርታ ግመሉን እያየች ትጣራ ነበር። ይህን ለእንግዶቹ መንገር ትዝም አላላት።

በልኢድ ከምድጃው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑን ወደ ግመሉ መለሰ።

ቱዳ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። በሩን ስታልፍ ውሃው ወገቧን ያዛት። ሐኒያ አለት ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች፤ እግሯ ውሃ ውስጥ ነው፣ ፊቷ በደስታ ፈክቷል።

“እትዬ ቱዳ፣ ግመሉ የቱ ነው?” አለች ሰልዋ። “ብንፈልገው አጣነው።”

ቱዳ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ዞር ስትል ማዕበሉ በሩን ሞልቶታል። አሮጊቷን ይዞ በዚያ መመለስ የማይታሰብ ነው። ወደ ላይ ለቃሚዎቹ በገመድ የሚወጡበት ስንጥቅ አለ፤ ገመዱን የሚይዝ ሰው ግን የለም። ውሃው ደረታቸው ደረሰ፤ ሐኒያ ብርቱካኗን ጥላ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ጀመር።

ሊጠራ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቱዳ ስሙን መጥራት ከማዕበሉ ይልቅ ከበዳት፤ ሆኖም አፏን ከፍታ እንደ ለቃሚዎቹ ረዝሞ በሚሄድ ድምፅ “በልኢድ!” አለች። መልስ የለም። ደገመች። ድምፅዋ ተሰበረ።

ጠጠር ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ የመረብ ገመድ ወረደ።

“ቁልቋሉን ልታዩ መጣችሁ?” አለ በልኢድ ከላይ። ሳትጠራው በፊት ነበር መንገድ የጀመረው።

ቱዳ አሮጊቷን አስቀድማ አሰረች፣ ከዚያ ሰልዋን። የራሷ ተራ ሲደርስ ማዕበሉ ሁለት ጊዜ ከአለቱ ጋር አላትሟት ነበር። ላይ ስትወጣ ክርኗ ይደማል። ሐኒያ እየተንቀጠቀጠች ከቁልቋሉ መሃል ባሕሩን ታያለች።

“ከዚህም ያምራል” አለች።

“ከታች ይበልጣል” አለች ቱዳ።

በልኢድ ገመዱን እየጠቀለለ ራሱን ነቀነቀ።

ዛሬም በሩን ለሰው ታሳያለች፤ ማንም ሊያስተዋት አልቻለም። ሰው በሩን ባለፈ ቁጥር ግን ዳሷን ለበልኢድ ትታ ውሃው ዳር ትቀመጣለች፣ ዓይኗን ከግመሉ ሳትነቅል። እሱም ዳቦዋን እየሸጠ ያጉረመርማል።