የላሟ ምላስ

ኦርቪል ቴሽ አርባ አንድ ዓመት ላም ሲያልብ የኖረ ሰው ነው። ላሞቹን ከሸጠ ወዲህ ግን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የልጁን ልጅ ዊኒን ከመጠበቅ በቀር የሚፈለግበት ነገር አልነበረም። እሱንም ቢሆን ያገኘው ተወዶ አይደለም፤ የምራቱ የካሪሳ እናት ጉልበቷን ስለታመመች ነው። ካሪሳ አስተማሪ ናት። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆማ፣ «ቴሌቪዥን አይክፈቱላት፣ ከረሜላ አይስጧት፣ መጽሐፍ ያንብቡላት» አለችው። ትንሽ አሰብ አድርጋ ደግሞ፣ «ካልከበደዎት» ብላ ጨመረች። ያቺን «ካልከበደዎት» ኦርቪል እስከ ዛሬ አልዋጣትም።

ለነገሩ ይከብደዋል። ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣው፤ ጋዜጣ እንኳ ሲያነብ ጣቱን ከመስመሩ ላይ አያነሳም። የዊኒ መጻሕፍት ግን ሌላ ናቸው። የሃያ ወር ልጅ መጽሐፍ ገጹ ካርቶን ነው፤ ጽሑፉ አራት ቃል ቢሞላ ነው፤ የቀረው የእጅ ሥራ ነው። የበጉ ሆድ ሲዳብሱት ይለሰልሳል። የጎተራው በር ሲከፈት አሳማ ብቅ ይላል። ዊኒ ጭኑ ላይ ተቀምጣ በሩን በትንሽ ጣቷ ከፍታ፣ «አለ!» ስትል ኦርቪልም፣ «አለ!» ይላል። መጽሐፍ ይዞ ያላፈረው በዕድሜው እዚህ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት የተዋሱትን መጽሐፍ ይዘው ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ ላም አለች። ጎኗ ላይ ያለችውን ወረቀት ሲስቡ ምላሷ ይወጣና አፍንጫዋን ትልሳለች። ዊኒ ሳበች፣ ሳቀች። እንደገና ሳበች፣ ሳቀች። የኦርቪል ዓይን ግን ከላሟ ግት ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ስድስት!» አለ። «ስድስት ጡት! ይቺ ላም ናት ወይስ ውሻ? አራት ነው ዊኒዬ፣ ላም አራት ነው ያላት። ይሄን የሣለው ሰውዬ ወተት ሱቅ ውስጥ የሚበቅል መስሎታል።»

«ምላስ!» አለች ዊኒ።

«ምላሱን ተዪውና እዚህ እይ። አንድ፣ ሁለት…»

«ምላስ!» ጣቱን ገፍታ ከት ብላ ሳቀች።

በላም ጉዳይ እንኳ የሚሰማው ጠፋ! ላሞቹ ሲሸጡ ባንኩ አልሰማው፣ ልጁ አልሰማው፣ አሁን ደግሞ ይቺ ጥርሷ ያልሞላ። «በይ እንኪ ምላስ!» ብሎ ወረቀቷን በወፍራም አውራ ጣቱ ይዞ መነጨቃት። ምላሱ ከነግማሽ ጉንጯ እጁ ላይ ቀረ።

ካሪሳ ከሥራ የገባችው በዚያው ደቂቃ ነው። «ምን ሆነ?» አለች።

«ልጅቷ ናት» አለ ኦርቪል።

ሳያስበው አምልጦት ነው ቢባል ውሸት ነው። አስቦበታል። «እርስዎ እኮ መጽሐፍ አያያዝ አያውቁም» ስትለው ገና ሳትናገር ተሰምቶት፣ ማክሰኞን ትነጥቀኛለች ብሎ ፈራ። ዊኒም ለመካድ የሚበቃ አፍ የላትም።

የዚያች ከተማ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ጠዋት የመጽሐፍ ሕክምና የሚሉት ነገር አለው። ገጽ የቀደደ ሕፃን ራሱ ፕላስተሩን ይለጥፋል፣ ለእንስሳው ይቅርታ ይላል፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ለደግ ታስቦ ነው። ካሪሳ፣ «አባባ፣ እርስዎም ይምጡና ይዩዋት» ስላለችው ሄደ።

ኃላፊዋ ግሬታ ነጭ ጋዋን ለብሳ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካለች። «ዛሬ ማን ታመመ?»

«ላም!» አሉ ሕፃናቱ።

«ማን ያክማታል? ዊኒ! ነይ የኔ ቆንጆ።»

ዊኒ አልሄደችም። ዞር ብላ ኦርቪልን አየችው። ኦርቪል አራተኛ ክፍል ሳለ የቄሱ ልጅ በቀደደው ካርታ እሱ እስከ ምሳ ሰዓት ክፍሉ ፊት ተገትሮ ነበር። ይህን ነገር በየበዓሉ ማዕድ ላይ ከማንሳቱ ብዛት የገዛ ልጁ፣ «ካርታው መጣ» እያለ ይስቅበታል። አሁን ጫማውን አየ። ካሪሳ ልጅቷን በቀስታ ወደፊት ገፋቻት፤ ልጅቷም ፕላስተሩን ለጠፈች፤ «ይቅታ» አለች።

ይሄኔ ነው ከወንበሩ የተነሳው። «እኔ ነኝ የቀደድኳት!»

ከዚያ አንዲት እናት፣ «ውይ፣ አንጀቴን በሉት!» አለች። ሌላዋ፣ «አያት ማለት እንዲህ ነው፤ የእኛዎቹ ቢሆኑ ትኬት ቆርጠው ፍሎሪዳ ፀሐይ ይሞቃሉ» ብላ አሳቀች። ግሬታም፣ «አቶ ቴሽ ጥፋቱን ወሰዱላት! ለአያትም እናጨብጭብ!» አለች። አጨበጨቡለት። ልጁን ካገባች በአራት ዓመት አንድ ቀን ነክታው የማታውቅ ካሪሳ ክንዱን ጨበጥ አድርጋ፣ «አመሰግናለሁ አባባ» አለችው።

አይደለም፣ እውነቴን ነው ለማለት አፉን ከፈተ። ግን ያ ጭብጨባ ጣፈጠው። ዕድሜውን ሙሉ ያጨበጨበለት የለማ! አፉን ዘጋና ተቀመጠ።

ማክሰኞ አዲስ መጽሐፍ መጣ፣ ከወረቀት በር ኋላ ዳክዬ ያለበት። «በይ በሩን ክፈቺ» አላት። ዊኒ ሁለት እጇን ወደኋላ አድርጋ የወረቀቱን በር፣ «ይቅታ» አለችው። ኦርቪል ራሱ ከፈተላት። ልጅቷ ዳክዬዋን አላየችም፤ ያየችው የእሱን እጅ ነው።

ተነስቶ ካሪሳ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ደወለ።

«ዊኒ ምን ሆነች?» አለች ካሪሳ።

«ደህና ናት። ላሟን እኔ ነኝ የቀደድኳት።»

«አባባ፣ ቅዳሜ ብለውናል እኮ። ደግ ነዎት፣ አሁን ግን ክፍል…»

«ደግ አይደለሁም፣ ስሚኝ! ተናድጄ መነጨቅኳት። ዋሸሁሽ። አሁን መጽሐፍ ስሰጣት እጇን ትደብቃለች።»

«ሰው ፊት ይቅርታ አስባልኳት» አለች ካሪሳ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ቀጥላ፣ «እርስዎም ተቀምጠው እያዩ» አለች።

«አዎ።»

«መጥቼ እወስዳታለሁ። የማክሰኞውን ነገር በኋላ እንነጋገራለን።»

ስልኩን አስቀምጦ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አባ ነው የቀደደው። ዊኒ አይደለችም፣ አባ ነው» አላት፣ የራሱን ደረት እየነካ ደጋግሞ። ገብቷት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መጽሐፉን እፊቷ ዘርግቶ በሩን መልሶ ዘጋና፣ ሸሸት ብሎ ግድግዳው ጋ ሄዶ ጠበቃት። የካሪሳ መኪና ደጅ ሲቆም ዳክዬዋ ገና እንደተዘጋባት ነበረች።