እስኪከፈት ድረስ

«ኮምፒውተሩን ንቀለውና ወደ ጓዳ አስገባው፤ ወንበር ይቀመጥበት» አለች አክስቱ በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ በረንዳ ድረስ ይሰማል።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ሲነካ፣ እናቱ ከለቀስተኛው መሀል ቀና አለች።

«ተወው።»

«ቦታ ጠቦ ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ተወው አልኩህ። ሰው ቆሞም ቢሆን ያጽናናኛል።»

ተወው። ሳሎኑ ጥግ፣ የአባቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ስክሪኑም ሆዱም አንድ አካል የሆነ፣ ነጭነቱ ወደ ጥርስ ቀለም የዞረ አሮጌ ነው። አባቱ የሰው መጽሐፍ ገጽ በገጽ ሲያቀናብር የኖረው እዚህ ላይ ነው። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ የፊደል ግድፈት ትለቅም ነበር። አባቱ ሥራ ከያዘ ጆሮ አልነበረውም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚቀበለው የአባቱ ጀርባ ነበር።

ዕቃውን ባየ ቁጥር የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። ባንክ ቤት ተቀጥሮ የመጀመሪያ ቦነሱን ያገኘ ጊዜ፣ አዲስ ኮምፒውተር ከነካርቶኑ ተሸክሞ መጣ። አባቱ ካርቶኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ግን መልሰው» አለው።

«ለምን አባዬ? ያኛው እስኪከፈት እኮ ሰው ያረጃል!»

«ያርጃ። ገና ይሠራል።»

በቃ። ካርቶኑ ሳይከፈት ወደመጣበት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል ሰላምታ እንጂ ወግ አልነበረም። ልጁ ቅያሜውን እንደዋጠ፣ አባትየው ምክንያቱን እንደያዘ፣ አንድ ጠዋት የአባትየው ልብ ቀጥ አለ።

በቀብሩ ማግስት ጡረታ የወጣች አዋላጅ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ስላዋለደቻቸው ሴቶች የጻፈችው መጽሐፍ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ፣ በአባቱ እጅ ተጀምሮ ቀርቷል። እናቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ አንዴ ወደ ጥጉ፣ አንዴ ወደ መሬት ታያለች።

«መጽሐፍሽን ልትጠይቂኝ ፈልገሽ ነው፣ አይደል?» አለች እናቱ።

«ኧረ በሞቴ! በዚህ ሰዓት?»

«ትንሽ ነው የቀረው፤ እኔ እጨርሰዋለሁ። አንቺ መቼም ምጥ መጠበቅ ታውቂበታለሽ።»

የአዋላጇ ሳቅና እንባ አብረው መጡ።

ሰው ሁሉ «ዶክተር» የሚለው ኮምፒውተር ጠጋኝም መጥቶ ነበር። ልጁ ወደ ጥጉ ወሰደው። ዶክተር እንደ ልማዱ ጆሮውን የማሽኑ ጀርባ ላይ ለጠፈ።

«ትንፋሹ አጥሯል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዚህ ዓይነቱ ሁሉ ነገሩ አንድ ላይ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል። የሰው ሥራ ይዞባችሁ ሳይጠፋ ገልብጡና በአዲስ ቀይሩት። ያኔ አባትህ ሳሉ እንኳ ዲስኩን ብቻ ብቀይረው ብልጭ ብሎ ይከፈት ነበር። ስንቴ ለመንኳቸው መሰለህ! አሻፈረኝ አሉ።»

«ይቀየራ!» አለች አክስቱ ከኋላቸው። «ሬሳ ታቅፎ መቀመጥ ምን ይባላል?» ያለችው ለራሷ ሲሰማት አፏን በእጇ ከደነች።

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ ሁሉንም ሰምታለች።

«ዶክተር ልክ ነው» አለች። «የአዋላጇን መጽሐፍ ይዞብኝ እንዲጠፋ አልፈልግም። ነገ ገልብጥልኝ። ከዚያ አዲሱን ታመጣለህ።»

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ልጁ የመገልበጫውን ዲስክ ሰካና የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነ። ማራገቢያው እንደ አስም በሽተኛ ሲር ሲር አለ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትንሿ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ልጁ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«አስቀምጠው» አለች እናቱ ወንበሯን እያስጠጋች። «አባትህ የሚያወራኝ ይሄን ጊዜ ነበር።»

«የቱን ጊዜ?»

«ይሄን። እስኪከፈት ያለውን። ጠዋት ቁልፉን ተጭኖ ወደ እኔ ይዞራል። ያየውን ሕልም፣ የጎረቤቱን ነገር፣ ምኑን ቅጡ! ከተከፈተ በኋላማ ታውቀው የለ፣ ድንጋይ ነው።»

ልጁ ስልኩን አስቀመጠ።

«አዲሱን ያመጣህለት ቀን ምሳ አልበላም። ‹ልጄ ያመጣልኝን መለስኩበት› እያለ ሲብሰለሰል ዋለ። ‹ታዲያ ምን አስመለሰህ?› ስለው፣ ‹ብልጭ ብሎ ከተከፈተ እኔና አንቺ መቼ እናወራለን?› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«አፍሮ ነዋ! ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ ሚስቴን የማዋራው ኮምፒውተር ሲያዘገየኝ ነው ይበልህ?»

ልጁ ወንበሩን ወደ እናቱ አዞረ። ክቧ ትሽከረከራለች።

«ስለ እኔስ ያወራ ነበር?»

«ስለ አንተማ! አውቶቡስ ላይ ሆኖ በባንካችሁ በር ባለፈ ቁጥር አንገቱን እንዳሰገገ ነው። ‹ዛሬ በመስታወቱ አየሁት፤ ክራቫቱ ጠሟል› ይለኛል። ‹ገብተህ አታቃናለትም?› ስለው...»

ማሽኑ ጢን አለ። ስክሪኑ በራ፤ የአዋላጇ መጽሐፍ መሀሉ ላይ ተደቅኗል። እናቱ ወሬዋን እንዳንጠለጠለች መነጽሯን አጠለቀችና እንደ ለመደችው ወደ ሥራው ዞረች።

ልጁ ማውሱን ያዘ። መገልበጡን ሳይጀምር ቀስቱን ወደ ታች አወረደና «ሪስታርት» የሚለው ላይ ተጫነ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ትንሿ ክብ እንደገና መሽከርከር ጀመረች።

«ውይ፣ ምን ሆነ?» አለች እናቱ።

«ምንም አልሆነ» አለ። መነጽሯን ከፊቷ ላይ ቀስ አድርጎ አወለቀላት። «‹ገብተህ አታቃናለትም?› ስትይውስ ምን አለሽ?»