ግማሽ ዋት ከወርቃ

እንደ ሲራክ አነጋገር፣ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከወርቃ ኮረብታ ላይ ሆኖ፣ ራሱ በሠራት ግማሽ ዋት ብቻ በምትልክ ሬዲዮ ናይሮቢ ያለ ሰው ጠርቶ መልስ አግኝቷል። እንደ ጋሼ ደጀኔ አነጋገር ግን፣ ናይሮቢ የመለሰው ዲላ ተቀምጠው ባለ መቶ ዋቱን ሬዲዮ ይዘው ሲጠሩ ለነበሩት ለእሳቸው ነው፤ ሲራክ የሌላ ሰው ሰላምታ ነው የተቀበለው።

የዋሸ የለም። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሞገድ ላይ፣ ሁለቱም የአማተር ሬዲዮ ክለባቸውን መጠሪያ ይዘው ነበር የጠሩት።

ጋሼ ደጀኔ ዕድሜ ልካቸውን ሞርስ፣ ማለትም በአጭርና በረጅም ድምፅ ፊደል የሚላክበትን ምልክት፣ ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሰኞ ጀምሮ በወርቃ ትምህርት ቤት ሞርስ ሊያስተምሩ ነው፤ የትኛው ሬዲዮ አብሯቸው እንደሚገባ የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። ሲራክ ሁለት ዓመት የዕረፍት ቀኑን የሰጣት ሬዲዮ መብራት ቢጠፋም በባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። ድምጿ መድረሱን ግን እስካሁን ያየለት ሰው አልነበረም።

ዛሬ ሁለቱም ወርቃ ናቸው። ጋሼ ደጀኔ ባለ መቶ ዋቱ ያለበትን የዲላውን ክፍል ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለሲራክ አሳዩት።

«ዘግቼዋለሁ። ዛሬ በእኔ ጉልበት አትፎክርም።»

«እሺ ጋሼ።»

ቀጭኑ ሽቦ ከዋንዛው ዛፍ ተነስቶ እስከ ቡና ማድረቂያው ድረስ ተዘርግቷል። በማድረቂያው አልጋ ላይ ቡና የምታገላብጠው ማርቲ ቀና ብላ ሽቦውን አየችው።

«ልብስ ልታሰጡበት ነው?»

«ናይሮቢን ልናሰጣበት» አሏት ጋሼ ደጀኔ።

ሲራክ ጠራ። ደግሞ ጠራ። አሥር ደቂቃ አለፈ።

«ባለ መቶው ቢሆን ይሄኔ ሰላምታ ጨርሰን ስለ ዝናብ እናወራ ነበር» አሉ ጋሼ ደጀኔ። ማዳመጫውን ግን ከጆሯቸው አላወለቁም።

ድንገት እርሳሳቸው መሮጥ ጀመረ። ሲራክ በትከሻቸው በኩል አነበበ፦ የክለቡ መጠሪያ፤ ቀጥሎ «ደካማ ነህ፣ ግን ትሰማለህ»። ጉልበቱ ግማሽ ዋት መሆኑን ለዚያው ለቅዳሜው የናይሮቢ ሰው በሞርስ ነገረው። ከናይሮቢ የሳቅ ምልክት መጣ።

እዚያ ላይ ቢያቆም ማንም አይወቅሰውም ነበር። የእሱ ያልሆነ ነገር በስሙ እንዲቆይ ስላልፈለገ ግን ጠየቀ፦ ባለፈው ቅዳሜስ ለማን ነበር የመለስከው?

ጋሼ ደጀኔ የመጣውን መልስ ጽፈው ወረቀቱን አዞሩለት። «ሁለት ነበራችሁ። የመለስኩት ለጠንካራው ነው።»

የሲራክ ጆሮ ጋለ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«ያለፈው የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

«አላልኩህም?» ሽማግሌው ፊታቸው በራ። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሿን ሬዲዮ አነሱና በመዳፋቸው መዘኗት። «እኔ ያሸነፍኩህ በመቶ ዋት ነው። እሱም ያኮራል እንዴ?»



ጋሼ ደጀኔ ማርቲም እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ባለ መቶው ዲላ ይቀመጥ። ሰኞ ክፍል ይዤ የምገባው ይቺን ነው።»