ዱካሞ የገለበጠው መዝገብ

የዱካሞን የእጅ ጽሕፈት አይቶ ያላደነቀ የለም። በደቡብ አፍሪካ፣ በዛንድስፕሩት ሰፈር ያለው የሐበሻ ባለሱቆች እድር ስድስት ዓመት ሙሉ ጸሐፊነቱን ለሌላ ያልሰጠውም ለዚሁ ነው። እድሩ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ባለሱቅ በጥይት ሲወድቅ ሬሳውን አንስቶ አገሩ የሚያስገባው እሱ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ስም ብቻ አይጻፍም። ማን የት እንደሚያድር፣ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ማን ሱቁ ውስጥ ብቻውን እንደሚተኛ ሁሉ ይጻፋል።

ኮሮና ገብቶ አገሩ በተዘጋ በሦስተኛው ሳምንት፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት ሱቅ መክፈት ቀረ። የአገሬው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ማ ኖምሳ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ በሱቁ ፍርግርግ በኩል፣ "ማይ ፍሬንድ፣ የሁላችሁንም ስም ስጠኝ፤ ፐርሚቱን እኔ አስጨርስላችኋለሁ" አለችው። የጠየቀችው ስም ነው። ስም ብቻ! ዱካሞ ግን ጎደሎ ሥራ አይወድም። መዝገቡን እንዳለ፣ ማደሪያውን ጭምር፣ በእንግሊዝኛ ገልብጦ እሑድ ጠዋት አስረከባት። አርባ አንድ ሰው!

ከሰዓት በኋላ እሱና ሚስቱ በለጥሽ ከሱቁ ጀርባ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ በፍላሽ ያገኙትን የድሮ ተከታታይ ድራማ ከፈቱ። ናዚዎች አይሁዶችን ሲጨርሱ የሚያሳይ የጦርነት ታሪክ ነው። ዱካሞ በልጅነቱ ሆሳዕና ቪዲዮ ቤት አይቶታል። አየሁ ይበል እንጂ ምን አየ! ተኩስ ሲጀመር እያፏጨ፣ ወሬ ሲበዛ ቆሎ ሊገዛ እየወጣ ነው የጨረሰው።

አሁን ወሬ የሚበዛበት ጋ ደረሱ። መነጽር ያደረጉ አንድ አይሁድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የገዛ ወገኖቻቸውን ስምና ቤት ይመዘግባሉ። ጀርመኖቹ "ለሥራ ፈቃድ ነው" ብለዋቸዋል። ሽማግሌው አምነው፣ በማስመሪያ እያሰመሩ፣ ቁጭ ብለው ይጽፋሉ።

"ውይ፣ ቁርጥ አንተን!" ብላ ሳቀች በለጥሽ። "ማስመሪያው ሳይቀር!"

ዱካሞ አልሳቀም። ወታደሮቹ ያንኑ ወረቀት ይዘው በር ማንኳኳት ሲጀምሩ ብድግ አለ።

"ወዴት ነው?"

"ወረቀቱን ላመጣ።"

ማ ኖምሳን ደጃፏ ላይ አገኛት። ፈገግታዋም ሰላምታዋም እንደ ወትሮው ነው። "ወረቀቱን? ፎቶ አንስቼ የነዋሪዎቹ ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት እኮ። ሰው ማን ማን እንዳለ ይወቅ ብዬ ነው" ብላ ስልኳን አሳየችው። የገዛ እጅ ጽሕፈቱ ነው። ከሥሩ አንዱ "ዛሬ ማታ እናስወጣቸው" ብሎ ጽፏል፤ ሌላው የእሳት ምልክት ለጥፎበታል።

"ዱርዬዎች ናቸው፤ ተዋቸው" አለችው። ዓይኑን ግን ማየት አልቻለችም።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ዱካሞ መንገድ ላይ ወጥቶ መጀመሪያ ለበለጥሽ ደወለ፤ ሱቁን ዘግታ ከተማ ያለችው እህቷ ጋ እንድትሄድ ነገራት። ቀጥሎ የመዝገቡ የመጀመሪያ ሰው፣ የስልጤው ሙደሲር ነው። "ወሬ ሰማሁ" ብሎ ማለፍ ይችላል። ማን ያውቅበታል? ደወለለት።

"ሙደሲር፣ ወንድሜ፣ ዛሬ ሱቅህ ውስጥ እንዳታድር። የሁላችንም ማደሪያ ታውቋል፤ ሊመጡ ነው።"

"ያ አላህ! የኔን ማን ነገራቸው? ከእድሩ በቀር የሚያውቅ የለም እኮ!"

ጌታ ሆይ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ ዱካሞ በልቡ።

"እኔ ነኝ። ለፈቃዱ ብዬ… እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።"



"ዱካሞ" አለው ሙደሲር፣ ሳይቆጣ። "እኔ ማደሪያዬን የነገርኩህ እኮ ብሞት እንድታነሳኝ ነበር።"

ስልኩ ተዘጋ። ዱካሞ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ሁለተኛው ሰው ደወለ።