የማዶው ጭስ

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ማዶውን ነው። ፊቴን ሳልታጠብ ከደጄ ድንጋይ ላይ እቀመጥና ሸለቆውን አሻግሬ አያለሁ። ከዚያኛው ተዳፋት ጭስ ከወጣ ባዩ አለ ማለት ነው። ከዚያ ተነስቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ቤቴ ከገሳይ ከተማ በታች ገደል አፍ ላይ ነው። የባዩ ቤት ከፊት ለፊቴ ነበር። ባዩ አብሮኝ ያደገ ሰው ነው። የእነሱ ደብር ሌላ ነው፤ ወደ ገበያ የሚወጡበትም መንገድ ሌላ ነው። እኛን የሚያገናኘን ሸለቆውን የሚያቋርጠው የእግር መንገድ ብቻ ነበር።

ጆሯችን ደህና ሳለ እንጠራራ ነበር። እሱ ማለዳ ከጓሮው ይወጣና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጮኻል።

«አንተ በላይነህ! አልሞትክም?»

«አልሞትኩም! አንተስ?»

«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!»

ባዩ ስድብ ያልተቀላቀለበት ሰላምታ አያውቅም። ሚስቴ አልማዝ የሞተች ጊዜ እንኳ ለቅሶ መጥቶ ከጎኔ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ዋለና ሲነሳ፣ «እንግዲህ ወጥ መሥራት ልትማር ነው፤ እግዜር አንጀትህን ይጠብቀው» አለኝ። ሌላው ለቀስተኛ ተቆጣው። እኔ ግን ከዚያ ቀን የማስታውሰው ያንን ቃል ነው።

ከዚያ ጆሮዬ ደከመ። ልጄ ከባሕር ዳር ስልክ ገዝቶ ላከልኝ፤ የሚያወራኝ ሰው ሁሉ ንብ ይመስለኛል፤ ተውኩት። ጭሱ ቀረን። እሱ የእኔን ያያል፣ እኔ የእሱን አያለሁ። ተነጋግረን የወሰንነው አይደለም። እንዲሁ ለመደብን።

የማዶው ተዳፋት እኔ ልጅ ሳለሁ ራሰ በራ ነበር። አባቴ ወይራ ነበረበት ይል ነበር፤ እኔ የደረስኩት ጉቶው ላይ ነው። ጉቶውንም ቆፍረን አነደድነው። ከዚያ ታረሰ። አፈሩ አልቆ ድንጋዩ ሲበዛ ለፍየል ተተወ። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ የቀረውን ይዞ ይወርዳል፤ ድንጋይ ሲንከባለል ከቤቴ ይሰማኝ ነበር።

የተፋሰስ ሥራ የመጣ ጊዜ ተዳፋቱ ክልክል ይሁን ተባለ። ከብት አይገባም፣ ምሳር አይገባም። ስብሰባው ላይ መጀመሪያ እጄን ያነሳሁ እኔ ነኝ። ተነስቼም «አንድ ጭራሮ የነካ ይቀጣ» አልኩ። ባዩ ፍየሎች ነበሩት።

«አንተ ከማዶ ሆነህ ታያለህ፤ እኔ ውስጡ እኖራለሁ» አለኝ።

«ሣር ታጭድበታለህ።»

«ሣሩን አንተ ብላው።»

ያን ክረምት አልጠራኝም።

ሣሩ መጣ። ባዩም አጨደ፤ ማጨዱን ከዚህ ሆኜ አይቼ ዝም አልኩ። ከሣሩ ቀጥሎ እምቧጮ መጣ፤ ፍሬው ሲቀላ ተዳፋቱ ዝገት የያዘ ቆርቆሮ ይመስል ነበር። ከእምቧጮው በኋላ ክትክታ መጣ። ክትክታ ከሸለቆው ጀምሮ እንደ ውሃ ሙላት ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ወጣ። ቅጠሉ ፀሐይ ሲመታው ያብረቀርቃል። ወፍ በዛ፤ ወፍ ሲበዛ አጋምና ቀጋ ገቡ። ጎርፉ ጠራ። ደርቃ የነበረችው ምንጭ ታለቅስ ጀመር። አንድ ቀን ከሸለቆው ወርጄ ክትክታውን ገለጥ ሳደርግ ከሥሩ ወይራ አገኘሁ። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ይሆናል። ማንም አልተከለውም። አባቴ የነገረኝ ወይራ ነው። እዚያው ቁጭ አልኩ።

የደስታዬን ያህል ሌላውን ሳላይ ቆየሁ። መጀመሪያ የባዩ ደጅ ጠፋ። ቀጥሎ በሩ፣ ከዚያ ግድግዳው። የቆርቆሮው ጫፍ ጠዋት ጠዋት ብልጭ ይል ነበር፤ እሱም ጠፋ። የእግር መንገዱን ቁጥቋጦው ዘጋው። በመኪናው መንገድ ዞሬ ልሂድ ብል ጉልበቴ አይችልም። የባዩ ጎረቤቶች አንድ በአንድ ወደ ከተማ ገብተው በዚያ ተዳፋት የቀረ እሱ ብቻ ነበር።

ሲሳይ የክልክሉ ጠባቂ ነው። ጎልማሳ ነው፤ የወታደር ካፖርት ይለብሳል። ሁለቱንም ወገን የሚረግጥ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን በደጄ ሲያልፍ አስቆምኩት።

«እዚያ ጋ ያለውን ክትክታ ዝቅ አድርግልኝ» አልኩት በጣቴ እያሳየሁ። «መስኮት የምታህል።»

«ምን ሊያደርግልዎ?»

«የባዩን ቤት ላይበት።»

ሳቀ። «አያ በላይነህ፣ አንድ ጭራሮ የነካ ይቀጣ ያሉ አንቱ አይደሉም? ጠላ ቤት ሁሉ ያወሩብዎታል እኮ።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ቆርጬ ማንን ልቅጣ? ራሴን?»

ሕጉ የእኔ ነው። ጭሱ አለ ብዬ ተውኩት። ጭስን ቁጥቋጦ አያስቆመውም።

የዘንድሮው ክረምት ጉሙ ከሰኔ ጀምሮ ተኛ። ማዶ የሚባል ነገር አልነበረም። ሲሳይን ባገኘሁት ቁጥር እጠይቀዋለሁ።

«ባዩ እንዴት ነው?»

«ደህና ናቸው። ሰላም በልልኝ ብለዋል።»

ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲገለጥ ጭሱን አየሁት። አለ፣ አልኩ።

ኅዳር ላይ ግን ጭሱ አላማረኝም። የባዩ ጭስ ማለዳ ይወጣና ፀሐይ ስትሞቅ ይቆም ነበር። ይኼኛው ቀን ሙሉ ይጨሳል። ከባድ ነው፤ ወደ ላይ አይነሳም፣ ክትክታው ላይ ይተኛል። ታሟል አልኩ። ከምድጃው መራቅ አቅቶታል፤ ደረቅ እንጨት የሚለቅምለት አጥቶ እርጥብ እያነደደ ነው። ሁለት ቀን አየሁት። በሦስተኛው በሶ ቋጠርኩና ዘንጌን ይዤ በድሮው መንገድ ወረድኩ።

መንገዱን በእግሬ አወቅሁት እንጂ በዓይኔ አይታይም። ክትክታው ከራሴ በላይ ነው። ቅጠሉ እጄ ላይ ይጣበቃል። አጋሙ ጋቢዬን ይይዘኛል፤ እያስለቀቅሁ እሄዳለሁ። እኔና ባዩ ስንገናኝ የምናርፍበትን ድንጋይ ቀጋ ወርሶታል። ወይራዎቹ አድገዋል፤ አንዳንዱ ትከሻዬ ድረስ ይመጣል። አቀበቱ ላይ እያረፍኩ ወጣሁ። ጭሱ እየቀረበ ሲመጣ ሽታው የምድጃ አልነበረም።

ከባዩ ጓሮ በታች ቁጥቋጦው ተመንጥሮ አንድ ሰፊ ገላጣ ሆኗል። መሐሉ ላይ አፈር የለበሰ የከሰል ክምር ከየስንጥቁ ይጨሳል። ሲሳይ ካፖርቱን አውልቆ በአካፋ አፈር ይመልስበታል። ኮሽታዬን ሰምቶ፣ «ማነህ አንተ!» ብሎ በጠባቂ ድምፅ ጮኸ። ዞሮ ሲያየኝ አካፋውን ጣለ።

«አያ በላይነህ? በየት በኩል መጡ?»

«ባዩ ታሟል?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አካፋውን አነሳ።

«ጭሱን አይቼ ነው የመጣሁ። ታሟል ወይ?»

«ጭሱን...» አለ። ወደ ክምሩ አየ፤ ወደ እኔ አየ። ጭሱ የባዩ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ሞቷል?»

«ኧረ በማርያም! ደብረ ታቦር ናቸው። ልጃቸው ዝናሽ መጥታ ወሰደቻቸው።»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና። ከርከሮው ድንቻቸውን ጨረሰው። ጅቡ በጠራራ ፀሐይ በራቸው ላይ መቆም ጀመረ። ብቻቸውን እንዴት ይሁኑ።»

በተቆለለው ቁራጭ እንጨት ላይ ተቀመጥኩ። ክትክታ መስሎኝ ነበር፤ ወይራ ነው።

«ሰላም ብለዋል ያልከኝ ማንን ነው?»

መሬት መሬት አየ። «ሲሄዱ ንገረው ብለውኝ ነበር። ልነግርዎም ነበር። ደጋግመው ሲጠይቁኝ ደህና ናቸው ማለቱ ቀለለኝ። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ይህን ጀመርኩ። አንቱ ጭሱን እያዩ ባዩ አለ ይላሉ። የባዩ ጭስ ነው ከተባለ የሚጠይቀኝ የለም።»

«ባዩ ሲሄድ ምን አለ?»

«ሲሄዱ?»

«ንገረው ያለህን ንገረኝ።»

አመነታ። «ለዚያ ደንቆሮ ጫካህ ሰው መብላት ጀመረ በለው፣ አሉ።»

ይህ ሰላምታ ነው። የባዩ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የሰማሁት ንጹሕ ሰላምታ የእሱ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ። ዓይኔን ማዶ ላይ ተክዬ ይህን ሳላስተውል ቀረሁ።

«እሳቱን አፍነው» አልኩት። «ሌላ ብትለኩስ ስብሰባ ላይ ቆሜ እናገራለሁ። እንደማደርገው ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ።

የባዩን ቤት አየሁት። በሩ ተቆልፏል። ደጁ ላይ ሳማ በቅሏል፤ ከሳማው መሐል እምቧጮ ብቅ ብሏል። ከደጁ ቆሜ ወደ እኔ ቤት ዞርኩ። ክትክታ ብቻ ነው የሚታየው። እሱም እኔን አያይም ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከገሳይ መኪና ተሳፍሬ ደብረ ታቦር ገባሁ። ዝናሽ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ባዩ ፀሐይ እየሞቀ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ የጎረቤት የብሎኬት ግንብ አለ፤ እሱን ያያል።

«አባባ፣ አያ በላይነህ መጡ» አለችው።

አንገቱን ብቻ አዞረ። «ሰኔ አስነግሬህ ኅዳር ትመጣለህ? በእንብርክክ ነው የመጣኸው?»

ጆሮዬ አጠገብ ስለሚጮኽ ሁሉንም ሰማሁት።

«ጭስህን ሳይ ነበር» አልኩ።

«የቱን ጭስ?»

ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ። ዝናሽ ውኃ ይዛ ሮጣ መጣች።

«ታዲያ ከሰሉ ከእኔ ይሻልሃል» አለ። «አይሳደብም።»

ያኔ የቋጠርኩለትን በሶ ሰጠሁት። ቋጠሮውን ለመፍታት ሲዳብስ ዓይኑን አየሁት። ደፍርሷል።

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«አንተ ነህ የበላኸው። ክትክታህ ቤቴን ከሸፈነው ወዲህ ጭሴ ከፍ እንዲል እርጥብ ቅጠል እጨምርበት ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብዬ እፍ እላለሁ። ይኼ ደንቆሮ ሞተ ብሎ ሰው እንዳይሰበስብብኝ ብዬ።»

ቋጠሮውን ፈታሁለት። «ትመለሳለህ?» አልኩት።

«ከርከሮውን ጠይቀህ ንገረኝ።»

ፀሐይዋ ከግንቡ ኋላ ስትገባ መኪና እንዳያመልጠኝ ተነሳሁ። እጄን ያዘኝና ትንሽ አቆየው።

በማግስቱ ጠዋት ከደጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማዶው ጥርት ብሏል። ጭስ የለም። ሲሳይ ቃሉን ጠብቋል። ከዳር እስከ ዳር የሚያብረቀርቅ ክትክታ ነው፤ እንዲህ ይሁን ብዬ እጄን ያነሳሁለት። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን እሳት አላነደድኩም። የሚበስል አልነበረኝም። የሚያየውም የለም። ቆሎ ቆርጥሜ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

ረፋዱ ላይ በሩ ተመታ። ሲሳይ ነው። ምሳር ይዟል። አቀበቱን በሩጫ ነው መሰል የወጣው፣ መተንፈስ አቅቶታል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«አንቱ ምን ሆነዋል? ከማዶ ሆኜ ባይ ባይ ጭስ የለም!»

«እሳት አላነደድኩም።»

«እኔማ...» አለና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በካፖርቱ ጠረገ።

ይቅር አላልኩትም። ውኃ ግን ሰጠሁት። ከጠጣ በኋላ ምሳሩን አነሳ።

«ያቺን መስኮት ልክፈትልዎ? ማንም ቢጠይቀኝ እኔ እመልሳለሁ።»

«ተወው።»

«ያኔ ለምነውኝ ነበር።»

«ያኔ ነበር። ከሥሩ ወይራ አለ፤ ይደግ።»

ምሳሩን ትከሻው ላይ አደረገ። «እሺ» አለ። «እሳቱን ግን ያንድዱ።»

ቁልቁለቱን እየወረደ ዞር ዞር እያለ ያየኝ ነበር። ገብቼ ጭራሮ ሰበርኩና አነደድኩ።